«ጠገብሁ» የማይል ልጅ ላላት እናት

ልጄ፣ ከአዲስ አበባ ይዘሽው የመጣሽውን የሐኪም ወረቀት አይቸዋለሁ፤ «ፕራደር ዊሊ ሲንድሮም» ይላል። ልጅሽ ሦስት ዓመቱ ነው። ጡት መሳብ አቅቶት በማንኪያ ስታኖሪው የነበረ፣ አንገቱን ለማቅናት የዘገየ ሕፃን ዛሬ ቆሞ ይሄዳል፤ ጉንጩም ሞልቷል። የከተማችን የአማኑኤል ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ አገገመልሽ» ይልሻል። እኔ ዕድሜዬን በጤና ጣቢያ የፈጀሁ ሰው ነኝና ምስጋናውን ሳልከለክልሽ እውነቱን ልንገርሽ፦ ይህ በሽታ ሁለት መልክ አለው፤ ያለፈው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው የማይጠግብ ረኃብ ነው፤ እሱ ገና በመንገድ ላይ ነው። ከመድረሱ በፊት ቤትሽን የምታሰናጂበት ጊዜ አግኝተሻል። ምክሬን በተራ ቁጥር ያስቀመጥሁት ባልሽም አማትሽም ለየራሳቸው የሚሆነውን ነቅሰው እንዲያነቡት ነው።

1. ከየት እንደ መጣ እወቂ፤ ማንንም አትውቀሺ።

ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1956 ለዓለም የገለጹት በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ የነበሩ ሐኪሞች ናቸው፤ አንድሪያ ፕራደር፣ አሌክሲስ ላብሃርትና ሃይንሪሽ ቪሊ ይባላሉ። ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱን ያገኛል ተብሎ ይገመታል፤ አገርና ዘር፣ ሀብታምና ድሃ አይለይም። ነገሩ ያለው ክሮሞሶም 15 በሚባለው ላይ ነው። ሰው ይህን ክሮሞሶም አንድ ከእናቱ፣ አንድ ከአባቱ ይወርሳል፤ በእሱ ላይ ካሉት አንዳንድ ጂኖች የሚሠሩት ግን ከአባት የመጡት ብቻ ናቸው። ከአሥር ታማሚዎች በሰባት ያህሉ ላይ ያ የአባት ቁራጭ ጎድሎ ይገኛል። ከቀሩት በአብዛኞቹ ላይ ደግሞ ሁለቱም ክሮሞሶሞች ከእናት ይመጡና የአባት ይቀራል።

ይህን ሰምተሽ «ከአንተ ነው» ብለሽ ባልሽን እንዳትይዢው። ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ በአጋጣሚ የሚደርስ ነው፤ የሠራው ኃጢአት ወይም የደበቀው በሽታ የለም። አንቺም በእርግዝናሽ ወራት የበላሽው፣ የደነገጥሽው፣ የተሸከምሽው አላመጣውም። ቡዳ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። አንድ ነገር ግን ሐኪሙን ጠይቂ፦ የልጄ ዓይነት የትኛው ነው? በአብዛኞቹ ቤተሰቦች በሚቀጥለው ልጅ ላይ የመደገሙ ዕድል ከመቶ አንድ አይሞላም፤ እጅግ ጥቂት በሆነ አንድ ዓይነት ግን እስከ ግማሽ ይደርሳል። ሌላ ልጅ ከማሰባችሁ በፊት ይህን ማወቅ ይገባችኋል። ፀበል መሄድሽን አልቃወምም፤ የሐኪሙን ቀጠሮና የምግቡን ሰዓት ግን እዚያም ይዘሽ ሂጂ።

2. ስድቡን ከቤትሽ አስወጪ።

ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ የአንጎል ክፍል አለ። ረኃብንና ጥጋብን፣ እንቅልፍን፣ የሰውነትን ሙቀት፣ ዕድገትንም የሚያዝዘው እሱ ነው። የልጅሽ ሆድ ቢሞላም «በቃኝ» የሚለው ትእዛዝ ከዚያ አይወጣም። መንገዱም ደረጃ አለው፦ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ምግብ ሳይጨምር ይወፍራል፤ አራትና አምስት ዓመት ሲሆነው ዓይኑ ከምግብ ላይ አይነሣም፤ ወደ ስምንት ዓመት ሲጠጋ ደግሞ ረኃቡ በሙሉ ኃይሉ ይመጣል። ዕድሜው ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ አቅጣጫው ግን ይኸው ነው።

እንግዲህ ይህን ልጅ «ሆዳም»፣ «ስግብግብ»፣ «ሌባ» የሚል ሰው ካለ፣ ከአያቱ አንሥቶ እስከ እረኛው ድረስ፣ ዛሬውኑ አስተምሪው። እሱን «ራስህን ግዛ» ማለት ጥም ያቃጠለውን ሰው ወንዝ ዳር አስቀምጦ «አትጠጣ» እንደ ማለት ነው። ምክር አይመልሰውም፤ አለንጋ ደግሞ በሕመሙ ላይ ፍርሃት ይጨምርበታል እንጂ ረኃቡን አይነካውም። ራሱን መግታት ስለማይችል ዙሪያው ይግታለት።

3. ጓዳሽን ቆልፊ፤ ሐሜቱን አትፍሪ።

በእኛ አገር የእናት ጓዳ በልጅ ላይ አይዘጋም፤ የዘጋች እናት ስሟ ይነሣል። አንቺ ግን ዝጊ። ሊንዳ ጎራሽና ጃኒስ ፎርስተር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ከእንዲህ ዓይነት ቤተሰቦች ጋር ረጅም ዘመን ሠርተው የደረሱበት ነገር ሦስት ነው። ምግቡ መቼና ምን እንደ ሆነ ጥርጥር አይኑር። ከተባለው ውጭ ይገኝ ይሆናል የሚል ተስፋ አይኑር። የተባለው ምንጊዜም ይድረስ፤ ያኔ ቅሬታ አይኖርም። ክፍት ጓዳ ያለበት ልጅ ቀኑን ሙሉ «አሁን ልግባ? ታየኝ ይሆን?» ሲል ይውላል፤ ትምህርትም ጨዋታም አይገባው። ጓዳው የተዘጋ መሆኑን ያወቀ ልጅ ግን ልቡ ወደ ሌላ ነገር ይመለሳል። ቁልፉ ለእሱ ዕረፍቱ ነው።

የምትዘጊው ሞሰቡን ብቻ እንዳይመስልሽ። እንዲህ ያለ ልጅ ጥሬውንም የተጣለውንም ሊበላ ይችላል፦ የቡሆ ዕቃውን ሊጥ፣ የጠላውን አተላ፣ ለዶሮ የተበተነውን ጥሬ፣ ስኳሩን በእፍኝ። ትራፊ እንደ ተበላ ይነሣ። ገንዘብም ምግብ ነውና ቦርሳሽን ምሶሶ ላይ አትስቀዪ። ቁልፉ በአንገትሽ ይሁን፤ ደፍ ላይ የተደበቀ ቁልፍ ካገኘ ጥርጥሩም ተስፋውም ተመልሶ ይመጣል። ደግሞም ረኃቡ ሳይጀምር አሁን ቆልፊ፤ ያኔ እሱን ለመቅጣት የመጣ አዲስ ነገር አይመስለውም፤ ቤቱ ድሮም እንዲህ ነው ይላል።

4. ሰዓቱን እንደ ቅዳሴ ደወል አጽኚ።

ቁርሱ፣ ምሳው፣ መክሰሱ፣ ራቱ በታወቀ ሰዓት ይሁን። ማንበብ እስኪችል በግድግዳው ላይ በከሰል ሥዕል ሥሪለት፦ ፀሐይ ስትወጣ ሳህን፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሳህን። «መቼ ነው የምንበላው?» ብሎ ደጋግሞ ሲጠይቅሽ ሥዕሉን አሳዪው። እንግዳ ቢመጣ፣ እህል ወፍጮ ቤት ብትሄጂ፣ ለቅሶ ቢጠራሽ የልጁ ሰዓት አይዘለል። ዘመድ ቤት ከዋላችሁም ምግቡን ቋጥረሽለት ሂጂ።

የመጠኑን ነገር ከሐኪሙ ጋር በሚዛን ወስኑት። የእነዚህ ልጆች ጡንቻ ጥቂት ስለሆነ ሰውነታቸው የሚፈጀው ምግብ አነስተኛ ነው፤ ለእኩዮቻቸው ከሚመደበው ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ይበቃቸዋል ይባላል። ይህን ግን በግምት እንዳትቆርጪው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያድግ አንጎል እንዳይጎዳ። በዓይነቱም አስቢበት፦ ጎመኑ፣ ዱባው፣ ቃሪያው ይብዛ፤ በሽሮው ላይ ዘይቱ ይቀነስ፤ እንቁላሉና ባቄላው አይቅሩበት። ስኳር ያለበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ከቤትሽ ይውጣ።

ምግብን ሽልማት አታድርጊው፤ ቅጣትም አታድርጊው። «ካጠፋህ ራት የለህም» ያልሽው ልጅ ሌላ ልጅ ቢሆን አኩርፎ ይተኛል፤ ይህኛው ግን ማታውን ሙሉ ዓለም እንደ ፈረሰችበት ያድራል። ሽልማቱ መዝሙር ይሁን፣ አብሮ መሄድ ይሁን፣ አዲስ እርሳስ ይሁን።

5. ማዕዱን እንዳያጣ፣ ማዕዱም እንዳይጎዳው አድርጊ።

በዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስቢ፤ ከሁሉ የሚከብድሽ ይህ ነውና። ባህላችን ባንድ ሌማት ዙሪያ ነው። ብቻውን የሚበላ ሰው የተኳረፈ ወይም የተገለለ ነው። ይህን ልጅ ከማዕዱ አውጥተሽ ጥግ ላይ ብታስቀምጪው ጤናውን ጠብቀሽ ልቡን ትሰብሪዋለሽ። ከእናንተ ጋር በአንድ ትሪ ላይ ብትተዪው ደግሞ እጁ ከሁሉም ይፈጥናል፤ ድርሻውን ማንም አያውቀው፤ ወንድሞቹም ሳይጠግቡ ይነሣሉ።

እኔ የምመክርሽ የሁሉንም ሳህን መለየት ነው። ሌማቱ ይቅረብ፣ ሁሉም ዙሪያውን ይቀመጥ፣ ጸሎቱ ባንድነት ይደረስ፤ ለእያንዳንዱ ግን የራሱ ሳህን ከጓዳ ተሰፍሮ ይምጣ። አባትየውም በሳህኑ ይብላ። ያኔ የተለየ ልጅ አይኖርም፤ የተለየው የቤታችሁ ሥርዓት ብቻ ነው። ወጡን የምትጨልፊበት ጭልፋ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ እንጀራውን ስትቆርጪም ትናንት ከሰጠሽው አታንሺ፣ አትጨምሪ። እሱ ይህን ይለካል።

ጉርሻውስ? አያቱ በእጇ ያላጎረሰችው የልጅ ልጅ እንዴት ይሆናል? እኔም አያት ነኝና ጭንቀቷ ይገባኛል። ግን አንዲት ጉርሻ ለእሱ አንዲት አይደለችም፤ «ከሰዓቱ ውጭም ይገኛል» የሚል ትምህርት ናት፤ ከዚያ በኋላ አያቱን ባየ ቁጥር እጇን ያያል። አያቱ ማጉረስ ከፈለገች ከራሱ ሳህን ላይ ቆርሳ፣ በሰዓቱ ታጉርሰው። በቀረው ጊዜ ትቀፈው፣ ትመርቀው፣ ተረት ትንገረው፣ ጸጉሩን ታበጥረው። ፍቅራችንን በምግብ ብቻ መግለጥ ስለለመድን ሌላውን ረስተነዋል፤ ይህ ልጅ ያስታውሰናል።

6. ለጾምና ለበዓል አስቀድመሽ ተዘጋጂ።

ሲጎረምስ እንደ ሰው መጾም ይፈልጋል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚወድ ልጅ ከሆነ ይልቁንም። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ሕመምተኛን የማይረዳ ካህን የለም። ሥጋና ወተት ሊተው ይችላል፤ የምግቡ ሰዓት ግን በየጾሙ ወደ ስድስትና ወደ ዘጠኝ ሰዓት አይንከራተት። አንድ ቀን የተንቀሳቀሰ ሰዓት ብዙ ቀን ያናውጠዋል።

ከጾሙ ይልቅ ፍቺው ያስፈራኛል። በዚህ በሽታ ያሉ ሰዎች ባንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ሲበሉ ጨጓራቸው ተወጥሮ ደሙ ሊቋረጥ፣ ሊቀደድም ይችላል፤ በዚህ የሞቱ አሉ። አደጋው በቀጫጭኖቹም ላይ ይደርሳል፤ «አልወፈረም» ብለሽ አትዘናጊ። ፋሲካ ሌሊት፣ የሰርግ ዳስ፣ ተዝካር፣ ወር በገባ በ28 የአማኑኤል ጠበል ጸዲቅ፣ ሁሉም ሰው የሚበላበትና ማንም ማንንም የማያይበት ቦታ ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰው ስሙ ተጠርቶ ለልጁ ይመደብ፤ «ሁላችንም እናየዋለን» ከተባለ ማንም አላየውም። የሚበላው ከቤት ሳትወጡ ይነገረው፦ «ዛሬ አንድ ቁራሽ ዳቦና አንድ ሳህን አለህ፤ ከዚያ ወደ ዝማሬው እንሄዳለን።» ዳሱ ውስጥም ቆይታችሁ አጭር ይሁን።

ቆሎና ደረቅ ዳቦ በእፍኝ እየጎረሰ ሳያላምጥ ሊውጥና ሊያንቀው ስለሚችል፣ ሁልጊዜ ቁጭ ብሎ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ውኃ አጠገቡ ሆኖ ይብላ።

7. ሰፈሩን አጥርሽ አድርጊው።

አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት። አውቶቡስ ይቆማል፣ ተሳፋሪ ብስኩት ይሰጣል፤ ገበያ ቀን ሙዝና ሸንኮራ አገዳ መሬት ላይ ነው። ልጅሽ ደግሞ አንደበተ ለስላሳ ይሆናል፤ «ዛሬ ምንም አልበላሁም» ሲል የማያዝን የለም። ስለዚህ ባለ ሱቁን፣ ባለ ጉልቷን፣ ጠላ ቤቷን እየዞርሽ ንገሪ፦ «የጤና እክል አለበት፤ ከእኔ እጅ ውጭ የተሰጠው ምግብ ይጎዳዋል፤ በዱቤም አትስጡት።» አንዴ ተናግረሽ አትተዪ፤ በየመስከረሙ ድገሚው።

ትምህርት ቤት ሲገባ ከርእሰ መምህሩና ከክፍል አስተማሪው ጋር ተቀመጪ። የልጆቹ ምሳ ዕቃ ሁሉ በአስተማሪው ሳጥን ይቆለፍ እንጂ በየዴስኩ ሥር አይደር። «ለእንዲህ ያለ ልጅ ቦታ የለንም» የሚልሽ ካለ፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ማጽደቋን አስታውሺው። ሒሳብ ሊከብደው፣ ለመማር ሊዘገይ ይችላል፤ የሚያየውንና የሚዳስሰውን ግን ይይዛል።

የጎጃም ልጅ ነውና «የቆሎ ትምህርት ቤት እንስደደው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ፊደሉንና ዳዊቱን ይማር፤ ግን ከቤቱ እየተመላለሰ። አኮፋዳ ይዞ ከደጅ ደጅ እየለመነ የሚማርበት ሕይወት ለሌላው ልጅ ትሕትና ነው፤ ለእሱ ግን ገደል ነው።

8. ቁጣው ሲነሣ አትከራከሪው።

እነዚህ ልጆች ለውጥ ያስጨንቃቸዋል። «ነገ ማርቆስ እንሄዳለን» ብለሽ ካልሄዳችሁ ይጮኻል፣ ይንከባለላል፣ ዕቃ ይወረውራል። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆንሽውን አትንገሪው። ሲቆጣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ተመልካቹን አርቂ፣ እስኪያልፍ ጠብቂ፤ በጩኸቱ መካከል ምግብ ሰጥተሽ ዝም ካሰኘሽው ግን ለነገው ጩኸት ቀብድ ከፈልሽ።

ጠፍቶ የተገኘ ዳቦ ቢኖር «አንተ ነህ የበላኸው?» አትበይው። «አይደለሁም» ይልሻል፤ ያኔ በረኃቡ ላይ ውሸትን ጨመርሽበት። ቁልፉ የት እንደ ላላ ፈልጊና አጥብቂው።

ቆዳውን እየቧጠጠ ቁስል የማድረግ ልማድም ሊኖረው ይችላል። «ተው» ከማለት ለእጁ ሥራ ስጪው። ብዙዎቹ ቁርጥራጭ ሥዕል በመገጣጠም ከእኩያ ይበልጣሉ፤ እኛ ዘንድም ስፌት፣ ፈትል፣ ዶቃ መሰካት አለ። ጥፍሩን አሳጥሪ፣ ቁስሉን እጠቢ።

9. የማያለቅሰውን ሕመም አንቺ አስተውዪለት።

ሕመም የሚሰማው ከሌላው ሰው ባነሰ መጠን ነው፤ አጥንቱ ተሰብሮም ሊሄድ ይችላል። ብርቱ በሽታ ይዞት ላያተኩሰው ይችላል። ማስመለስም ብዙም አይሆንለትም። እንግዲህ ይህን ልብሽ ላይ ጻፊው፦ ይህ ልጅ ምግብ እንቢ ካለ፣ ካስመለሰው ወይም ሆዱ ከተነፋ፣ «ቁርጠት ነው» ብለሽ ዳማ ከሴ አጠጥተሽ አታስተኚው። በዚያችው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ውሰጂው፤ የበሽታውን ስምና ብዙ በልቶ እንደ ሆነ ለሐኪሙ ንገሪ። ወረቀቱን ኮፒ አስደርገሽ አንዱን ሁልጊዜ ያዢ፤ ይህን በሽታ ያላየ ሐኪም ሊያጋጥምሽ ይችላልና አትቆጪ፣ አሳዪው።

ሌላው በቀጠሮ የሚታይ ነው፦ ጀርባው እንዳይጣመም፣ ሌሊት ሲያንኮራፋ ትንፋሹ እንዳይቆራረጥ፣ ያልወረደ ቆለጥ ካለ እንዲታከም፣ ሲያድግ የስኳር በሽታ እንዳይዘው። የዕድገት ሆርሞን መርፌ አሜሪካ ለዚህ በሽታ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ቁመትና ጡንቻ ይጨምራል፣ ረኃቡን ግን አያጠፋም፤ ከመጀመሩ በፊትም ትንፋሹ መታየት አለበት። ረኃቡን ራሱን ለመቀነስ የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ዳያዞክሳይድ ኮሊን፣ እዚያው የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ነው። ስለ ሁለቱም ሐኪምሽን ጠይቂ። መድኃኒቱ በእጅሽ ቢገባም ባይገባም ግን ሰዓቱና ቁልፉ አይቀሩም።

የሰፈርሽ ሌላ እናት ሰውነቱ የዛለና መጥባት ያቃተው ሕፃን ብትወልድ አንቺ ቀድመሽ ድረሺላት። ሜቲሌሽን የሚባል አንድ የደም ምርመራ በሽታውን ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ በላይ ይለየዋል። ዓለም አቀፉ የፕራደር ዊሊ ድርጅት ምርመራው በሌለባቸው አገሮች ላሉ ቤተሰቦች ጣልያን ከሚገኘው የባስኪሮቶ ተቋም ጋር ሆኖ በነጻ ሲያስመረምር ቆይቷል፤ ሐኪሞቻችሁ እንዲጽፉለት አሳስቢያቸው።

10. ልጅሽን አትደብቂው፤ ሌሎቹንም አትርሺ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ዘሚ የኑስን ታውቂያት ይሆናል፤ በ2013 ዓ.ም. ነው ያረፈችው። በሽታው ሌላ ቢሆንም፣ ኦቲዝም ያለበት ልጇን ይዛ በአደባባይ ተናገረች፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ከዚያ በፊት ልጃቸውን በጓዳ የዘጉ ወላጆች «ለካ ብቻችንን አይደለንም» አሉ። አንቺ ማዕከል ክፈቺ አልልሽም፤ ሰንበቴ ላይ፣ የንስሐ አባታችሁ ፊት፣ የእድር ሰዎች ዘንድ የልጅሽን በሽታ በስሙ መጥራት ይበቃል።

ወንድሞቹንና እኅቶቹን ዘበኛ አታድርጊያቸው። ትንሽ ልጅ የቁልፍ ኃላፊነት ሊሸከም አይገባም። አልፎ አልፎ ከቤት ውጭ፣ አክስታቸው ዘንድ፣ ያለ ሥርዓቱ ይብሉ፣ ይጫወቱ። አንቺም ከባልሽ ጋር ተራ ግቡ፤ ያልተኛች እናት ቁልፍ ትረሳለች።

11. ለጎልማሳነቱ ዛሬ አስቢ።

«ሲያድግ ይተወዋል» የሚሉሽን አትስሚ። ረኃቡ ከጎልማሳው ጋር ይኖራል፤ በዴንማርክ፣ በጀርመን፣ በአሜሪካ ለእንደዚህ ዓይነት ጎልማሶች ወጥ ቤታቸው የተቆለፈ የጋራ መኖሪያዎች አሉ። እኛ ያ የለንም፤ ያለን ቤተሰብ ነው። ሥራ ይኑረው፣ ነገር ግን ከምግብ የራቀ፦ ሽመና፣ ስፌት፣ ከሰው ጋር ሆኖ በግ መጠበቅ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ማጽዳት። በየቀኑ ይራመድ። ሃያዎቹን ሲረግጥ በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ያ ሌላ ሕመም ነውና ለሐኪም አሳዪው፤ ሁለቱም ክሮሞሶሞች ከእናት በመጡላቸው ላይ ይበልጥ ይታያል።

ደግሞም ከአንቺ በኋላ ማን? ይህን ጥያቄ ለዘመን አታሳድሪው። ደብተር ግዢና የምግቡን መጠን፣ ሰዓቱን፣ የሚያረጋጋውን ቃል፣ የመድኃኒቱን ስም ጻፊ። ከዘመድ ውስጥ የሚጨክንና የሚራራ አንድ ሰው ምረጪ፤ የሚራራ ብቻ ከሆነ ያጎርሰዋል፣ የሚጨክን ብቻ ከሆነ ይገርፈዋል። ያ ሰው ከአሁኑ ቤትሽ እየመጣ ሥርዓቱን ይልመድ። ለልጁ የምታቆዩለት መሬት ወይም ከብት ካለ ሽማግሌ ባለበት በጽሑፍ ይሁን።

ያስቸገረሽን ነገር ይዘሽ በፈለግሽው ሰዓት ወደ እኔ ነይ። እግዚአብሔር ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ አንቺንም በጤና ያቆይሽ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ።